ጽንስን በመድኃኒት ለማቋረጥ፦ ለማን ይሰጣል? ለማንስ አይሰጥም?

በቦንጋም ሆነ በካፋ ዞን ወረዳዎች በሚገኙ ጤና ተቋማት ጽንስን በመድኃኒት ለማቋረጥ የምትመጣን ሴት የሚቀበል ባለሙያ ሁለት ጥያቄዎችን መመለስ ይኖርበታል። አንደኛው «ሕጉ ይፈቅድላታልን?» የሚል ሲሆን ሁለተኛው «መድኃኒቱ ለጤንነቷ ይስማማልን?» የሚል ነው። ሁለቱ ሲምታቱ በሕግ መብት ያላት ሴት በማያስፈልግ ምርመራ ሰበብ ትመለሳለች፤ ወይም ሊያሳስብ የሚገባ ምልክት ሳይታይ ያልፋል። ከሩቅ የደቻ ቀበሌ በእግር የመጣች ሴት «ነገ ተመለሺ» ብትባል ላትመለስ፣ ከዚያ ይልቅ ወደ አደገኛ መንገድ ልታመራ ትችላለች።

የሕጉ ጥያቄ

ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 551 ጽንስ ማቋረጥ የማያስቀጣባቸውን ሁኔታዎች ይዘረዝራል። እነዚህም ጽንሱ በመደፈር ወይም በቅርብ ዘመዳሞች ግንኙነት ሲፈጠር፣ የእርግዝናው መቀጠል የእናቲቱን ወይም የጽንሱን ሕይወት ወይም የእናቲቱን ጤንነት ለአደጋ ሲያጋልጥ፣ ጽንሱ ሊድን የማይችል ከባድ ጉድለት ሲኖረው፣ እንዲሁም እናቲቱ በአካል ወይም በአእምሮ ጉድለት ወይም ለአካለ መጠን ባለመድረሷ ልጅ ለማሳደግ ዝግጁ ሳትሆን ሲቀር ናቸው። መደፈርን በተመለከተ የሴቲቱ ቃል በቂ መሆኑን አንቀጽ 552 ይገልጻል። በጤና ጥበቃ ሚኒስቴር የ1998 ዓ.ም. መመሪያ መሠረትም ዕድሜዋን የሚያረጋግጥ ሰነድ አይጠየቅም።

የሕክምናው ጥያቄ

ሚፌፕሪስቶን የፕሮጄስትሮንን ሥራ ያግዳል፤ ሚሶፕሮስቶል ደግሞ ማኅፀን እንዲኮማተር ያደርጋል። የዓለም ጤና ድርጅት የ2022 እ.ኤ.አ. መመሪያ ከ12 ሳምንት በታች ለሆነ እርግዝና 200 ሚሊ ግራም ሚፌፕሪስቶን፣ ከ1 እስከ 2 ቀን በኋላ ደግሞ 800 ማይክሮ ግራም ሚሶፕሮስቶል በምላስ ሥር፣ በጉንጭ ወይም በብልት በኩል እንዲሰጥ ይመክራል።

መድኃኒቱ የማይሰጠው፦

1. ከማኅፀን ውጭ እርግዝና ሲኖር ወይም ሲጠረጠር። መድኃኒቱ ይህን እርግዝና አያስወግድም። የሚከተለው ደም መፍሰስ ግን ሁሉም እንደተጠናቀቀ አስመስሎ ያዘናጋል፤
2. ሥር የሰደደ የአድሬናል ዕጢ ድክመት ሲኖር፤ ሚፌፕሪስቶን የኮርቲሶልንም ሥራ ስለሚያግድ፤
3. በዘር የሚተላለፍ ፖርፊሪያ ሲኖር፤
4. ከዚህ ቀደም ለመድኃኒቶቹ አለርጂ ታይቶ ከሆነ።

በማኅፀን ውስጥ ሉፕ ካለ አስቀድሞ ይወጣል፤ ከማኅፀን ውጭ እርግዝና አለመኖሩም በጥንቃቄ ይመረመራል።

ጥንቃቄ የሚሹት ደግሞ ከባድ የደም ማነስ፣ ደም ያለመርጋት ችግር ወይም የደም ማቅጠኛ መድኃኒት መውሰድ፣ የልብ ሕመም፣ እንዲሁም ለረጅም ጊዜ ኮርቲኮስቴሮይድ መውሰድ ናቸው። ወባና የአንጀት ትላትል ባሉበት አካባቢ የደም ማነስ እንግዳ ነገር አይደለምና የዓይን ሽፋንንና መዳፍን ማየት፣ ሲቻልም ሄሞግሎቢን መለካት ተገቢ ነው። ደሟ እጅግ ያነሰ ሴት ወደ ሆስፒታል ትላክ፤ በእዚያም በእጅ በሚሠራ የቫኪዩም መሣሪያ ማቋረጥ ሊመረጥላት ይችላል።

በሌላ በኩል ጡት ማጥባት፣ ቀደም ሲል በቀዶ ሕክምና መውለድ፣ የመጀመሪያ እርግዝና፣ ወጣትነት፣ ወይም ኤች አይ ቪ በደም ውስጥ መኖር ብቻውን መድኃኒቱን አይከለክልም።

ያለ አልትራሳውንድ ማወቅ ይቻላልን?

ይቻላል። የእርግዝናው ዕድሜ በመጨረሻው የወር አበባ ቀንና በእጅ በሚደረግ የማኅፀን ምርመራ ይገመታል። አልትራሳውንድ የግድ የሚሆነው ቀኑ ሲያጠራጥር፣ የማኅፀኑ መጠን ከቀኑ ጋር ሳይጣጣም ሲቀር፣ ወይም በአንድ ወገን የሆድ ሕመም፣ ራስን መሳትና ነጠብጣብ ደም ሲኖር ነው። ከ12 ሳምንት በታችም የአር ኤች ደም ዓይነት ምርመራ እንደ ቅድመ ሁኔታ አይጠየቅም። ከማኅፀን ውጭ እርግዝና የተጠረጠረባት ሴት ግን ሳትዘገይ በቦንጋ ወደሚገኘው ገብረ ጻድቅ ሻዎ ሆስፒታል ወይም ቀዶ ሕክምና ወዳለበት ቅርብ ተቋም መላክ አለባት።

የመኖሪያ ርቀት መድኃኒቱን አያስከለክልም፤ ምክሩን ግን ይለውጣል። በሁለት ተከታታይ ሰዓታት በየሰዓቱ ሁለት ትልልቅ ሞዴስ የሚያርስ ደም የሚፈስሳት ሴት በፍጥነት መመለስ ይኖርባታል። መንገዱ ይህን የማይፈቅድ ከሆነ ሚሶፕሮስቶሉን በምትወስድበት ዕለት በተቋሙ አቅራቢያ እንድትቆይ፣ ወይም በአንድ ጉብኝት የሚያልቀውን የቫኪዩም ዘዴ እንድትመርጥ ማማከር ይገባል።

በጥቅሉ፣ ከልካዮቹ ጥቂቶች ናቸው፤ አብዛኞቹም በጥሞና በመጠየቅና በመዳሰስ ይታወቃሉ። እነዚህን ለይቶ ማወቅ፣ የሌሉትንም አለመጨመር የባለሙያው ግዴታ ነው።