ቅርጽና ቀለም በአንድ ነጥብ ላይ
የዲጂታል ቅርጻ ቅርጽና የቀጥታ ቅብ ሳይንሳዊ መሠረት

ቀራጺ ድንጋይ ሲጠርብ ወይም ሸክላ ሠሪ ጭቃ ስታበጅ በቅድሚያ የሚወጣው ቅርጹ ነው፤ ቀለሙ ቀጥሎ ይመጣል። ሁለቱ ሥራዎች በመሣሪያም የተለያዩ ናቸው፤ መሮ ቀለም አይቀባም፣ ብሩሽም ድንጋይ አይጠርብም። በኮምፒዩተር ውስጥ ግን አንዱ ብሩሽ ሁለቱንም ሲሠራ እናያለን። ብዕር መሰሉን መሣሪያ በሰሌዳው ላይ ስናንቀሳቅስ በስክሪኑ የሚታየው ገጽ ያብጣል ወይም ይሰረጉዳል፤ አንድ ቁልፍ ተጭነን ያንኑ ብዕር ስናንቀሳቅስ ደግሞ ገጹ ቀለም ይለብሳል። ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? ይህን የሚያውቅ ሠዓሊስ በሥራው ላይ ምን ይጠቀማል? በዚህ ጽሑፍ ሁለቱን ጥያቄዎች ከፊዚክስና ከሒሳብ አንጻር ለመመልከት እንሞክራለን።

ሞዴል ማለት ምንድን ነው?

በኮምፒዩተር የሚቀረጽ ባለ ሦስት አውታር ሞዴል እንደ ድንጋይ ውስጡ የተሞላ ነገር አይደለም። የምናየው ገጽ ብዙ ነጥቦችን በመስመር በማያያዝ የተሠራ መረብ ሲሆን፣ የመረቡ ዓይኖች ባለ ሦስት ወይም ባለ አራት ጎን ትናንሽ ገጾች ናቸው። እያንዳንዱ ነጥብ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በምናውቃቸው የኤክስ፣ የዋይና የዜድ ቁጥሮች ይመዘገባል። እ.ኤ.አ. በ1975 በአሜሪካ የዩታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የነበረው ማርቲን ኒዌል የቤቱን የሻይ በራድ ቅርጽ በቁጥር ገልጾ መሞከሪያ አደረገው፤ በራዱም በኮምፒዩተር ምስል ጥናት ውስጥ እስከ ዛሬ የታወቀ ምሳሌ ነው። እኛ ደግሞ ጀበናን እንውሰድ። ክብ ሆድ፣ ቀጭን አንገትና እጀታ ስላለው ለማብራሪያችን ይመቻል።

አንድ ብሩሽ፣ ሁለት ሥራ

ጀበናውን ከጭቃ ድቡልቡል ከሚመስል ሉል እንጀምር። ብሩሹ በሉሉ ላይ ሲያርፍ ሶፍትዌሩ በብሩሹ ክብ ውስጥ የወደቁትን ነጥቦች ፈልጎ ለእያንዳንዳቸው ከዜሮ እስከ አንድ የሚደርስ ክብደት ይሰጣል፤ ለመካከለኛው ነጥብ አንድ፣ በጠርዝ ላይ ላለው ዜሮ። ከዚያም ነጥቦቹን ለገጹ ቀጤ ነክ በሆነው አቅጣጫ እንደየክብደታቸው ይገፋቸዋል። መካከሉ ብዙ፣ ዳሩ ጥቂት ስለሚነሣ ለስላሳ ጉብታ ይፈጠራል።

ስንቀባም የሚሆነው ይኸው ነው። እያንዳንዱ ነጥብ ከሦስቱ የቦታ ቁጥሮች በተጨማሪ ሦስት የቀለም ቁጥሮች፣ ማለትም የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ መጠን፣ ሊይዝ ይችላል። ብሩሹ ያንኑ ክብደት ያሰላል፤ ነገር ግን በቦታው ፈንታ ቀለሙን ይለውጣል። ክብደቱ 0.25 የሆነ ነጥብ የቀድሞ ቀለሙን ሦስት አራተኛና የአዲሱን አንድ አራተኛ ይይዛል። እንግዲህ መቅረጽና መቀባት ለኮምፒዩተሩ አንድ ዓይነት ስሌት ናቸው፤ ልዩነቱ በሚለወጡት ቁጥሮች ላይ ብቻ ነው።

ጥላን ለምን አንቀባም?

ጀማሪዎች በብዛት የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። በወረቀት ላይ ጀበና የሚሥል ሰው የሆዱን ክብነት ለማሳየት አንዱን ጎን ማጥቆር ግድ ይለዋል፤ ወረቀቱ ጠፍጣፋ ነውና። በሞዴል ላይ ግን ጥላውን የሚያወጣው ስሌቱ ራሱ ነው።

ዮሐን ሃይንሪሽ ላምበርት እ.ኤ.አ. በ1760 ስለ ብርሃን ልኬት ባሳተመው መጽሐፍ እንደገለጸው፣ በማያብለጨልጭ ገጽ ላይ የሚያርፈው ብርሃን መጠን በብርሃኑ አቅጣጫና በገጹ ቀጤ ነክ መካከል ባለው ማዕዘን ኮሳይን ይወሰናል። ብርሃኑ ገጹን በቀጥታ ሲመታ ማዕዘኑ ዜሮ ስለሆነ ገጹ ሙሉ ብርሃን ያገኛል፤ በ60 ዲግሪ ግማሹን፣ በ90 ዲግሪ ደግሞ ምንም አያገኝም። ሶፍትዌሩ ይህን ቁጥር የሚያገኘው የሁለት ቬክተሮችን ዶት ፕሮዳክት በማስላት ነው፤ ውጤቱንም በተቀባው ቀለም ያባዛዋል። የነጥቡ የቀይ መጠን 120 ቢሆንና ብርሃኑ በ60 ዲግሪ ቢመጣ ወደ ምስሉ ስሌት የሚገባው 60 ነው።

አሁን ሠዓሊው የጀበናውን ግራ ጎን በራሱ ብሩሽ አጠቆረው እንበል። መብራቱ በቀኝ ሲሆን ግራው ጎን ሁለት ጊዜ ይጠቁራል፤ መብራቱን ወደ ግራ ስናዞረው ደግሞ መብራት የሚያርፍበት ጎን ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ዓይናችን ቅርጽን የሚረዳው ከብርሃንና ከጥላ ስለሆነ ክቡ ሆድ ሰርጉዶ ሊታየን ይችላል። በጀበናው ላይ ስለሚያብረቀርቀው ነጭ ነጸብራቅም እንዲሁ ነው፤ ነጸብራቁ ተመልካቹ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ቦታውን ይለውጣል፤ ቡይ ቱኦንግ ፎንግ እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተመው ዘዴም በስሌት ይወጣል። ስለዚህ በብሩሽ የምንቀባው የሸክላው የራሱ የሆነውን ቀለም ብቻ ነው፤ የብርሃኑን ድርሻ ለብርሃኑ እንተውለታለን።

ነጥቦቹ ስንት ይሁኑ?

ቀለሙ የሚቀመጠው በነጥቦቹ ላይ ከሆነ ነጥብ በሌለበት ቦታ ቀለም አይኖርም፤ በሁለት ነጥቦች መካከል ያለው ክፍል የሁለቱን ቀለም ቀስ በቀስ እያቀላቀለ ይሞላል። ነጥቦችን ለማብዛት ኤድዊን ካትሙልና ጂም ክላርክ እ.ኤ.አ. በ1978 ያሳተሙት ዘዴ ይጠቅማል። ዘዴው ባለ አራት ጎኑን ገጽ በአራት እየከፈለ ቅርጹን ያለሰልሳል። ስድስት ገጽ ካለው ኩብ ብንነሣ ከ5 ጊዜ ክፍፍል በኋላ 6,144 ገጾችና 6,146 ነጥቦች እናገኛለን። ይህ ለጀበናው አጠቃላይ ቅርጽ በቂ ነው፤ ለቅብ ግን የሚሰጠን በጎኑ 78 ፒክስል ብቻ ካለው ትንሽ ፎቶግራፍ የማይበልጥ ዝርዝር ነው። በአንገቱ ላይ ቀጭን ጌጥ ብንሥል ይደበዝዛል።

ክፍፍሉን 10 ጊዜ ብናደርገው ገጾቹ 6,291,456 ይደርሳሉ። ለእያንዳንዱ ነጥብ 12 ባይት ለቦታ፣ 4 ባይት ለቀለም ብንመድብ ለነጥቦቹ ብቻ 100 ሚሊዮን ባይት ያህል ያስፈልጋል። ሌላም ጉዳይ አለ። አንገቱን ከሉሉ ስበን ስናወጣ የነበሩት ነጥቦች ይራራቃሉ፤ ሆዱ ላይ ጥርት ብሎ የወጣው ቅብ አንገቱ ላይ ይደበዝዛል። በዚህ ጊዜ መረቡን እንደገና በእኩል ርቀት መሥራት ያስፈልጋል። ይህን ከቅብ በኋላ ብናደርገው የተቀባው ሊጠፋ ወይም ሊበላሽ ስለሚችል ቅደም ተከተሉ የሰዓታት ድካም የሚያድን ነው፤ በቅድሚያ ቅርጹን መጨረስ፣ ቀጥሎ መረቡን ማስተካከልና ማብዛት፣ በመጨረሻም መቀባት።

ገጹን ገልጦ መዘርጋት

ነጥቦችን ሳያበዙ ዝርዝር ቅብ ለማግኘት ሌላ መንገድ አለ፤ እርሱም ቀለሙን በጠፍጣፋ ምስል ላይ አስቀምጦ ሞዴሉን ማልበስ ነው። ካትሙል ይህን እ.ኤ.አ. በ1974 በዶክትሬት ጥናቱ አቅርቦታል። በየጎኑ 4,096 ፒክስል ያለው ምስል 16,777,216 የቀለም ቦታዎች ይሰጣል፤ ለአንድ ፒክስል 3 ባይት ብንይዝ 50 ሚሊዮን ባይት ያህል ይበቃዋል። ችግሩ የጀበናውን ገጽ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ቆርጦ መዘርጋቱ ላይ ነው። ጋውስ እ.ኤ.አ. በ1827 እንዳረጋገጠው የሉል ገጽ ሳይዛባ በጠፍጣፋ ላይ ሊዘረጋ አይችልም። ግሪንላንድ በመርኬተር ካርታ ላይ አፍሪካን የምታህል መስላ የምትታየው በዚህ የተነሣ ነው፤ በእውነቱ አፍሪካ 14 ጊዜ ያህል ትበልጣታለች። በተዘረጋው ምስል ላይ የተሣለ ክብም በጀበናው ሆድ ላይ ሲያርፍ ሊጣመም ይችላል።

ፓት ሃንራሃንና ፖል ሄበርሊ እ.ኤ.አ. በ1990 ባቀረቡት ጥናት ሠዓሊው ከተዘረጋው ምስል ጋር ሳይታገል በቀጥታ በሚያየው ቅርጽ ላይ እንዲቀባ መንገድ ከፈቱ። ዛሬ ብዙ ባለሙያዎች ሁለቱን ያዋሕዳሉ፤ በቅርጹ ላይ በነፃነት ይቀባሉ፤ ሥራው ሲያልቅ ሶፍትዌሩ ቀለሙን ወደ ተዘረጋው ምስል እንዲገለብጥ አድርገው ቀለል ያለ መረብ ያለብሱታል። ካትሙልና ሃንራሃን ለባለ ሦስት አውታር የኮምፒዩተር ምስል ላበረከቱት መሠረታዊ አስተዋጽኦ የ2019ን የቱሪንግ ሽልማት በጋራ ተቀብለዋል።

ቅርጹ ቀለሙን ሲመራ

የውሕደቱ ትልቁ ጥቅም ሶፍትዌሩ ቅርጹን ማወቁ ነው። ከጎረቤት ነጥቦች አቀማመጥ ተነሥቶ የትኛው ነጥብ በስርጉድ ውስጥ፣ የትኛው በጉብታ ጫፍ ላይ እንዳለ ያሰላል። እሳት ላይ የቆየ ጀበና ጥላሸቱ በጌጡ ስርጉዶች ውስጥ ይከማቻል፤ እጅ የሚነካው እጀታ ግን ይወለወላል። ሠዓሊው ቅቡ በስርጉዶች ብቻ እንዲያርፍ ካዘዘ አንድ ሰፊ ብሩሽ ጥላሸቱን በየቦታው ያደርሰዋል። ከዚያም ጌጡ አነስተኛ መስሎ ከታየው ወደ መቅረጫው ተመልሶ ያጠልቀዋል፤ ነጥቦቹም ቀለማቸውን እንደያዙ ይንቀሳቀሳሉ።

እንሞክረው

ይህን ለመሞከር ውድ ሶፍትዌር መግዛት አያስፈልግም። ብሌንደር የተባለው ሶፍትዌር ከሕዝብ በተዋጣ 100,000 ዩሮ እ.ኤ.አ. በ2002 ነፃ ሆኖ ተለቋል፤ እ.ኤ.አ. በ2007 የመቅረጫ ብሩሾችን፣ በ2022 ደግሞ በዚያው የመቅረጫ ክፍል ውስጥ የሚሠሩ የቅብ ብሩሾችን አግኝቷል። በተራ ማውስ መጀመር ይቻላል፤ መካከለኛ ኮምፒዩተር ያለው ተማሪም ክፍፍሉን በ7ኛው ወይም በ8ኛው ደረጃ ቢያቆም ማሽኑን አያስጨንቅም።

ለአንባቢያን የሚከተለውን ሙከራ እንጠቁማለን። ሁለት ተመሳሳይ ጀበናዎችን ይቅረጹ። አንደኛውን በሙሉ ወጥ በሆነ የሸክላ ቀለም ይቀቡ፤ በሁለተኛው ላይ ግን መብራቱ ካለበት ተቃራኒ ጎን ጥላ ይጨምሩ። መብራቱ ባለበት ሳለ ሁለተኛው ይበልጥ የጎላ ሊመስል ይችላል። ቀጥሎ መብራቱን በጀበናዎቹ ዙሪያ ቀስ እያሉ ያዙሩ፤ በየ30 ዲግሪውም ቆም ብለው የሁለቱን ብሩህነት በኮሳይን ካሰሉት ጋር ያነጻጽሩ። ከስሌቱ ጋር የሚስማማው የትኛው እንደሆነ በዓይን ይታያል።