የደም ጥቃቅን ውህዶች ጥናትና የመተማው ካላዛር

መተማና ሌሎች የምዕራብ ጎንደር ቆላማ አካባቢዎች በሰሊጥ፣ በጥጥና በማሽላ አረምና አጨዳ ወቅት ከደጋው የሚወርዱ በርካታ የቀን ሠራተኞችን ያስተናግዳሉ። ሠራተኞቹ ሌሊቱን ሜዳ ላይ ወይም በግራር ዛፍ ሥር ስለሚያሳልፉ፣ በዋልካ አፈር ስንጥቅ ውስጥ ለምትሸሸገውና የካላዛርን ጥገኛ ተህዋስ ለምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ይጋለጣሉ። ካላዛር ጣፊያንና ጉበትን የሚያሳብጥ፣ ሰውነትን የሚያከሳ፣ ካልታከመም አብዛኛውን ጊዜ ለሞት የሚዳርግ በሽታ ነው።

በሽታውን ከማከም ባልተናነሰ የሚያስቸግረው ታካሚው መዳኑን ማረጋገጡ ነው። ከጣት በሚወሰድ ደም የሚደረገው ፈጣን ምርመራ የሚለየው ሰውነት ተህዋሱን ለመከላከል ያመረተውን ፀረ እንግዳ አካል በመሆኑ፣ ከፈውስ በኋላም ለረጅም ጊዜ በሽታው እንዳለ ሊያመለክት ይችላል። በሽታው ያገረሸበትን ሰው በእርግጠኝነት ለመለየት ከጣፊያ ወይም ከአጥንት መቅኔ በመርፌ ናሙና መውሰድ ያስፈልጋል። ጣፊያን መውጋት ደግሞ የውስጥ መድማት ሊያስከትል ስለሚችል በየጤና ጣቢያው የሚሞከር አይደለም።

የደም ኬሚካላዊ ይዘት ጥናት ተስፋ የተጣለበትም በዚህ ምክንያት ነው። በጎንደር የካላዛር ሕሙማን ላይ የአገር ውስጥ ተመራማሪዎች ከለንደኑ ኢምፔሪያል ኮሌጅ ባለሙያዎች ጋር አካሂደውት እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት፣ በሕሙማኑ ደም ውስጥ አርጂኔዝ የተባለው ኢንዛይም እንቅስቃሴ ከፍ ማለቱን፣ አርጂኒን የተባለው አሚኖ አሲድ ደግሞ መቀነሱን አመልክቷል። ሕክምናው ሲሳካ የኢንዛይሙ እንቅስቃሴ ወርዷል። በዚያው ዓመት የወጣ ሌላ ጥናት ካላዛርንና ኤች.አይ.ቪን በአንድነት በያዙ ሕሙማን ላይ እንቅስቃሴው ይበልጥ ከፍ ማለቱን አሳይቷል። ካላዛር ደጋግሞ የሚያገረሸው በእነዚሁ ሕሙማን ላይ ነው።

አርጂኒን ለሰውነት መከላከያ ህዋሳት እንደ ስንቅ ነው ማለት ይቻላል። ቲ ህዋሳት የሚባሉት ነጭ የደም ህዋሳት ለመባዛት ይፈልጉታል፤ ሲያልቅባቸው ይዳከማሉ። አርጂኔዝ ደግሞ ይህንኑ ስንቅ ይሰባብራል።

በሌላው ዓለም መሰል ጥናት የሚካሄደው በመቶ ሺዎች በሚቆጠሩ ሰዎች ላይ ነው። የእንግሊዙ ዩኬ ባዮባንክ እ.ኤ.አ. ከ2006 እስከ 2010 ግማሽ ሚሊዮን ያህል ፈቃደኞችን መዝግቦ፣ በደማቸው ያሉ ወደ 250 የሚጠጉ ውህዶችንና ተያያዥ መለኪያዎችን አስመርምሯል። ዓላማው ማን ለየትኛው በሽታ እንደተጋለጠና የትኛው ሕክምና ለማን እንደሚስማማ አስቀድሞ ማወቅ ነው። ይሁንና አብዛኞቹ ተሳታፊዎች አውሮፓዊ የዘር ሐረግ ያላቸው ናቸው። በወባ፣ በምግብ እጥረትና በካላዛር የተፈተነ የቆላ ሠራተኛ ደም ምን እንደሚመስል ከዚያ መዝገብ መረዳት አይቻልም።

መዝገቡን እዚሁ ማዘጋጀት ግን የራሱ ፈተና አለው። ቀይ የደም ህዋሳትም በውስጣቸው አርጂኔዝ ስላላቸው፣ ናሙናው በሙቀት ከቆየና ህዋሳቱ ከፈረሱ አርጂኒኑ በብልቃጡ ውስጥ እያለ ያልቃል፤ ልኬቱም ሐሰተኛ ይሆናል። ስለዚህ ደሙ ወዲያውኑ ተጣርቶ መቀዝቀዝ ይኖርበታል። የመተማ ሙቀት በበጋ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊያልፍ እንደሚችል ልብ ይሏል። ከዚህ ሌላ የመጨረሻው ፈውስ የሚረጋገጠው ሕክምናው ካበቃ ከስድስት ወራት በኋላ ሲሆን፣ እስከዚያ ድረስ በርካታ ሠራተኞች አጨዳውን ጨርሰው ወደ ደጋ ቀያቸው ተመልሰዋል።