እምቧይና ዘመዶቹ

በአገራችን አነጋገር ቆሞ የማይውል ነገር ሁሉ «የእምቧይ ካብ» ይባላል። ድቡልቡሉ የእምቧይ ፍሬ እንደ ድንጋይ ተደርድሮ ቢካብ አንዱ በአንዱ ላይ እየተንከባለለ ከመቅጽበት ይናዳልና ነው። እምቧይን የማያውቅ የለም፤ እረኛው ፍሬውን ኳስ አድርጎ ይጫወትበታል፤ ቆዳ የሚያለፋውም ሰው ለሥራው ይጠቀምበታል። ይህን ያህል የታወቀው ተክል ግን «ለመሆኑ አንድ ነው ወይስ ብዙ?» ተብሎ የተጠየቀ እንደ ሆነ፣ መልሱም እንደ ካቡ መናዱ አይቀርም። እኛም ዛሬ ስለ እምቧይና ስለ ዱር ዘመዶቹ ጥቂት ለመናገር የተነሣነው፣ ነገሩ ለዕውቀት ያህል ብቻ የሚነገር ሳይሆን ከምግብ፣ ከመድኃኒትና ከመርዝ ጋር የተያያዘ መሆኑን ስላየን ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚነሡት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ባላገሩ ልዩነቱን ጨርሶ አላጣውም። ዘርጭ እምቧይና ገበር እምቧይ እያለ ይለያል። ችግሩ ስሞቹ ከአገር አገር መለዋወጣቸው ነው፤ በአንዱ ስፍራ ገበር የተባለው በሌላው ስፍራ እምቧይ ብቻ ተብሎ ይቀራል። በደጋውና በወይናደጋው፣ በመንገድ ዳርና በግጦሽ ሜዳ የሚታየው አንደኛው ዓይነት ቅጠሉ ከታች በኩል እንደ ጥጥ የነጣ፣ ዙሪያው በነጭ ክር የተቀመቀመ የሚመስል፣ ግንዱም ቅጠሉም እሾህ የበዛበት ነው። የዕፀዋት ሊቃውንት ይህን ሶላኑም ማርጊናቱም ብለውታል፤ ሁለተኛው ቃል ጠርዙን የሚያመለክት ነው። የትውልድ አገሩ የኢትዮጵያና የኤርትራ ደጋ ሲሆን፣ ወደ ውጭ አገር ከተወሰደ በኋላ በካሊፎርኒያና በኒው ዚላንድ እንደ አረም ተራብቷል። ከፍሬው የሚወጣው ሶላሶዲን የተባለው ንጥረ ነገር ደግሞ ለሆርሞን መድኃኒቶች መሥሪያ ይሆናል። በመንገድ ስናልፍ በእግራችን የምንገፋው ተክል እንዲህ ያለ ታሪክ አለው። ወደ ቆላው ዝቅ ስንል ግን ሌላ እምቧይ እናገኛለን፤ አበባው ሐምራዊ፣ ቅጠሉ አመድማ፣ ፍሬው አነስ ያለና ሲበስል ቢጫ የሚሆን። ወደዚህኛው ኋላ እንመለስበታለን።

እነዚህ ሁሉ የሚጠቃለሉበት ቤተ ሰብ ሶላናሴ ይባላል። ወደ መቶ የሚጠጉ ወገኖችና ወደ 2,700 የሚሆኑ ዝርያዎች አሉት፤ ከእነዚህም ውስጥ ከ1,200 የሚበልጡት ሶላኑም በሚባለው በአንዱ ወገን ብቻ ተሰብስበው ይገኛሉ። በየቀኑ ከገበታችን የማይጠፉት ድንች፣ ቲማቲም፣ በርበሬና ደበርጃን፣ እንዲሁም ትምባሆ የዚሁ ቤተ ሰብ አባሎች ናቸው። ዝምድናው የማይመስለው ሰው ቢኖር የድንችን አበባና የእምቧይን አበባ ጎን ለጎን ይዞ ይመልከት። ሁለቱም ላይ አምስት ከሥራቸው የተጋጠሙ የአበባ ቅጠሎች፣ በመካከላቸውም አምስት ቢጫ ከረጢቶች እንደ ችቦ ተጠጋግተው ቆመው ያገኛል። ከረጢቶቹ ብናኙን የሚያወጡት ጫፋቸው ላይ ባለች ጠባብ ቀዳዳ ነው። ስለዚህ በእንጨት ውስጥ ቤቷን የምትቦረቡረው ትልቋ ጥቁር ንብ አበባውን አንቃ ይዛ ሰውነቷን በኃይል ስታርገበግብ፣ ብናኙ እንደ ጨው ከጨው ዕቃ ይረግፍላታል። ማር የምትሰጠን ንብ ይህን ጥበብ አታውቀውም።

ለዚህ ሁሉ ሕዝብ መዝገብ ማበጀት የተጀመረው በስዊድናዊው በካርል ሊኔየስ ነው። እርሱ በ1753 ባሳተመው መጽሐፍ ድንችን፣ ቲማቲምንና ደበርጃንን በሶላኑም ውስጥ አንድ ላይ አስቀመጣቸው። በማግሥቱ ዓመት እንግሊዛዊው የአትክልት ሊቅ ፊሊፕ ሚለር ቲማቲምን አውጥቶ የራሷን ወገን ሰጣት። ከዚያ በኋላ ፈረንሳዊው ሚሼል ፌሊክስ ዱናል ዕድሜውን ለዚህ ወገን ሰጥቶ፣ በ1852 በወጣው ሥራው ወደ 900 የሚሆኑ ዝርያዎችን ዘረዘረ። የዱናል የመጀመሪያ መለያ እሾህ ነበር፤ እሾህ ያላቸውን ወዲህ፣ የሌላቸውን ወዲያ። ለማየት ቀላል፣ ለማስተማርም የተመቸ ሚዛን ነው፤ በብዙው ቦታ እውነትነት አለው። ዳሩ ግን እሾህ የማይታመን ምስክር መሆኑ ውሎ አድሮ ታወቀ። በ2024 የታተመ ምርምር እንዳሳየው፣ በዚህ ወገን ውስጥ አንድ ዓይነት ጂን በተለያየ ጊዜና በተለያየ ስፍራ እየተበላሸ እሾህ ደጋግሞ ጠፍቷል። ለምሳሌ ያህል ደበርጃን እሾሁን የጣለው ገበሬ ለምግብ ሲመርጠው ነው። ቲማቲምም የተለየችበት ወገን ቤቷ ሆኖ አልቀረም። በ1993 የውርስ ንጥረ ነገሯ ተመርምሮ ከድንች ጋር የቅርብ እኅት መሆኗ ስለ ታወቀ፣ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ከቈየችበት ወጥታ ወደ ሶላኑም ተመለሰች። ሊኔየስ በዓይኑ ብቻ አይቶ ያገኘውን እኛ በላቦራቶሪ አጸደቅንለት ማለት ነው።

ስም ማብዛት ብቻም ዕውቀት አይደለም። በአሜሪካ አህጉር የሚበቅሉትን የዱር ድንቾች በ1990 የቈጠሩ ሊቅ ከሁለት መቶ የሚበልጡ ዝርያዎች ናቸው ብለው ነበር፤ በ2014 የወጣው ቈጠራ ወደ 107 ዝቅ አደረጋቸው። ይህ ለአልሚዎች ትልቅ ነገር ነው። በ1845 አየርላንድን ለታላቅ ረኃብ የዳረገው የድንች ምች ሲታገሉት፣ መከላከያ ከተገኘባቸው አንዱ ሶላኑም ዴሚሱም የተባለው የሜክሲኮ የዱር ድንች ነው። ከየትኛው የዱር ዘመድ ምን ኃይል እንደ ተወሰደ ለማወቅ የዘመዱን ስም በትክክል መያዝ ግድ ይላል።

ድንችን ወደ አገራችን በ1858 አስገባ የሚባለው ጀርመናዊው ቪልሄልም ሺምፐር ነው። ይህ ሰው በ1837 ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ በትግራይና በስሜን ተራሮች እየዞረ ዕፀዋት ሲሰበስብ ኖረ፤ በ1878 የሞተውም በዐድዋ ነው። እያደረቀ ወደ አውሮፓ ከላካቸው ናሙናዎች ውስጥ እምቧዮችም ነበሩባቸው። ከእነዚያ ከአንዱ የተነሣ ፈረንሳዊው አሺል ሪሻር ስለ ሐበሻ ዕፀዋት ባሳተመው ሥራ ሶላኑም ካምፒላካንቱም የተባለ ዝርያ ተመዘገበ፤ ስሙም ከግሪክ ቋንቋ የተወሰደ ሆኖ ቈልማማ እሾህ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ግን ስሙ ተረሳ። ከኢትዮጵያ እስከ ደቡብ አፍሪካ የሚገኘው ቆላማ እምቧይ ሁሉ ሊኔየስ በሰጠው በሌላ ስም፣ በሶላኑም ኢንካኑም ተጠቅልሎ ይጠራ ጀመር።

ይህ መጠቅለል ጉዳት አስከትሏል። ኢንካኑም ለደበርጃን እጅግ የቀረበ የዱር ዘመድ ነው፤ ድርቅ ስለሚችልም የደበርጃን አልሚዎች ይፈልጉታል። በ2013 የወጡ ጥናቶች ግን ኢንካኑም ከሰሜን አፍሪካና ከእኛው አካባቢ እስከ ፓኪስታን የሚዘልቅ፣ ካምፒላካንቱም ደግሞ በምሥራቅና በደቡብ አፍሪካ የተስፋፋ፣ ሁለት የተለያዩ ዝርያዎች መሆናቸውን አስረዱ። እንግዲህ በየዘር ባንኩ «ኢንካኑም» የሚል ወረቀት ተለጥፎበት የተቀመጠው ዘር የየትኛው ነው? ሳይለይ የተዳቀለው የብዙ ዓመት ድካምስ ለማን ይጻፍ? ሁለቱም በአገራችን ስለሚገኙ «ዘርጭ እምቧይ» የሚለው ስም ብቻውን ለዚህ ጥያቄ መልስ አይሆንም። የአፍሪካና የማዳጋስካር እሾሃማ ሶላኑሞች በ2016 እንደገና ተጣርተው 76 ዝርያ ሆነዋል። የአገራችንም የሶላናሴ ቤተ ሰብ በ2006 በወጣው በአምስተኛው የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፀዋት መጽሐፍ ተመዝግቧል።

አሁን ደግሞ እሾህ ወደሌላት ወደ አውጥ እንሻገር። ልጆች በማሳ ዳር እየለቀሙ የሚበሏት ድቡልቡል ፍሬ ናት። ተማሪዎቻችን በእንግሊዝኛ መጽሐፍ «ናይትሼድ» የሚለውን ስም ሲያገኙ ብዙ ጊዜ ከእርሱ ጋር «ገዳይ» የሚል ቅጽል ያያሉ፤ አውጥን ገዳይ ናት ብለው ቢደነግጡ አይፈረድባቸውም። ገዳዩ ግን አትሮፓ ቤላዶና የተባለ፣ በአውሮፓ የሚበቅል የሌላ ወገን ተክል ነው። የእርሱ ፍሬ ለየብቻ ይወጣል፤ የአውጥ ፍሬ ግን በአንድ ዘንግ ላይ በዘለላ ይንጠለጠላል። ይህ ማለት ግን አውጥ ሁሉ በማንኛውም ጊዜ ይበላል ማለት አይደለም፤ ያልበሰለው አረንጓዴ ፍሬ ሶላኒን ስላለበት ያማል። ደግሞም አውጥ አንድ አይደለችም። ሶላኑም ቪሎሱም ስትበስል ብርቱካንማ ወይም ቀይ ትሆናለች፤ ሶላኑም ኒግሩም ትጠቁራለች፤ ሶላኑም አሜሪካኑም ጠቁራ ታንጸባርቃለች። በሴሎቻቸው ውስጥ ያለው የክሮሞሶም ቍጥርም በአሜሪካኑም 24፣ በቪሎሱም 48፣ በኒግሩም 72 ነው። በዚህ ላይ አንዳንዶች በወረቀት መሳይ ከረጢት ተሸፍና የምትገኘዋን ቢጫ ፍሬ የፈረንጅ አውጥ ይሏታል፤ እርሷ ከደቡብ አሜሪካ የመጣች የፊሳሊስ ወገን ናት። አንድ የጤና ወይም የእርሻ ሠራተኛ «ልጆች አውጥ በልተው ታመዋል» ብሎ ሪፖርት ቢጽፍ፣ አንባቢው ከእነዚህ የትኛዋን ይያዝ?

ከሁሉም የሚያስፈራው አስተናግር ነው፤ በሌላ ስሙ አጠፋሪስ፣ በሊቃውንቱ ዳቱራ ስትራሞኒዩም። ነጭ አበባው እንደ ጡሩምባ ረዝሞ ይከፈታል፤ ፍሬው እሾሃም ሆኖ ሲደርቅ በአራት ይሰነጠቃል፤ ውስጡ በጥቁር ዘር ይሞላል። አገር ስሙን ያወጣለት በሥራው ነው፤ የቀመሰውን ሰው ያስለፈልፈዋልና። በቤተ ክህነት ትምህርት ቤት አካባቢ ስለ አብሾ የሚነገረውንም ብዙዎች ያውቁታል፤ ትምህርት ይገልጣል ተብሎ ይጠጣ ከነበረው ጋር ይህ ተክል ይነሣል። በኛ አስተያየት የሚገልጠው ነገር የለም። በውስጡ ያሉት አትሮፒንና ስኮፖላሚን አፍን ያደርቃሉ፣ የዐይንን ብሌን ያሰፋሉ፣ ልብን ያስሮጣሉ፣ አእምሮን ያቃዣሉ፤ መጠኑ ካለፈ ይገድላሉ። ያው አትሮፒን በሐኪም እጅ ተመጥኖ ሲሰጥ በፀረ ተባይ መድኃኒት የተመረዘን ሰው ያድናል። አስተናግር ከአሜሪካ አህጉር የመጣ አረም ሆኖ ሳለ እንዲህ ያለ አገርኛ ስም ማግኘቱ ያስገርማል።

በ2019 በዑጋንዳ የካራሞጃ አገር ሰዎች በእርዳታ የተሰጣቸውን የተዘጋጀ የእህል ዱቄት በልተው ወደ 300 የሚጠጉት ሲታመሙ 5 ሰዎች ሞቱ። ምክንያቱ ሲመረመር በእህሉ ውስጥ የዚሁ ዓይነት መርዝ ተገኘ፤ ከአኩሪ አተር ማሳ ውስጥ አብሮ የታጨደ የአረም ዘር ያመጣው መሆኑም ተገመተ። ማሳው ላይ የቆመ ሰው አረሙን ለይቶ ቢነቅለው ዱቄቱ ንጹሕ በሆነ ነበር።

ጊዘዋና አሜራሮ ቀርተውብናል። ጊዘዋ ቀይ ፍሬዋን በከረጢት የምትሸፍን፣ በባህል መድኃኒት የታወቀች ቁጥቋጦ ናት፤ ሕንዶች አሽዋጋንዳ የሚሏት እርሷን ነው። አሜራሮ የደጋ ደን ተክል ሲሆን ወገኑ ዲስኮፖዲየም ከአፍሪካ ተራሮች ውጭ አይገኝም። ሁለቱም ለየብቻቸው ጽሑፍ ይበቃቸዋል።

ከአንባቢዎቻችን በመስክ የሚሠራ ወይም ለዕረፍት ወደ አገሩ የሚወርድ ሰው ስሙን ያላወቀው እምቧይ ወይም አውጥ ቢያጋጥመው፣ አበባና ፍሬ አንድ ላይ ያለበትን ቅርንጫፍ ቈርጦ በአሮጌ ጋዜጣ መካከል ይጫነው፤ ወረቀቱንም በየቀኑ ይለውጥለት። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው ብሔራዊ የዕፀዋት ማኅደር ከ1959 ጀምሮ የተሰበሰቡ እንዲህ ያሉ ናሙናዎችን ይዟል፤ ለማመሳከርም ያገለግላል። ከናሙናው ጋር ቦታው፣ ከፍታው፣ ቀኑና ያገሩ ሰው የሚጠራው ስም ይጻፍ። የአበባውና የበሰለው ፍሬ ቀለም ግን በዚያው በተቈረጠበት ሰዓት መጻፍ አለበት፤ ሲደርቅ ብርቱካንማዋም አውጥ ጥቁሯም አውጥ አንድ ዓይነት ሆነው ይጠቁራሉና።