ኤች አይ ቪ በየት ይገባል? በየትስ አይገባም?

ፍርሃት ከጤና ጠባቂዎች አንዱ ነው። እሳትን የማይፈራ ሕፃን እጁን ያቃጥላል፤ ጅብን የማይፈራ መንገደኛም በሌሊት ብቻውን ይጓዛል። ነገር ግን ጠባቂው የተከፈተውን በር ትቶ ቀዳዳ በሌለው ግድግዳ ላይ ሲያፈጥ ቢያድር ለቤቱ ምን ይጠቅማል? ብዙ ሰው ስለ ኤች አይ ቪ ያለው ስጋት ይህን የመሰለ ሆኖ ስላገኘነው፥ ቫይረሱ በየት እንደሚያልፍና በየት እንደማያልፍ በዚህ ወር ጽሑፋችን ከነምክንያቱ ለመምህራንና ለከተማ ነዋሪዎች ልናስረዳ ወደድን።

ለምሳሌ ያህል የኩሌን ኑሮ እንመልከት። ኩሌ በጋምቤላ ክልል በኢታንግ አካባቢ የሚገኝ የስደተኞች መጠለያ ሲሆን፥ የተቋቋመው በ2006 ዓ.ም. ከደቡብ ሱዳን ጦርነት ሸሽተው ለመጡት ሰዎች ነው። ጎረቤቱ ተርኪዲ የተባለው መጠለያ ነው። ከ40 ሺህ በላይ የሆነ ሕዝብ፥ ይልቁንም ሴቶችና ሕፃናት፥ ቤት ለቤት ተጠጋግቶ ይኖርበታል። ውሃ ከአንድ ቧንቧ ይቀዳል፤ ቤተሰብ ከአንድ ዕቃ ይበላል፤ ዝናብ ሲመጣ ደግሞ የወባ ትንኝ ሰዉን ሳትለይ ትነክሳለች። እንዲህ ተቀራርቦ የሚኖር ሰው «የጎረቤቴ በሽታ ወደ እኔ ይሻገር ይሆን?» ብሎ ቢጠይቅ የሚያስነቅፈው አይደለም።

ስጋቱ መሠረት የለውም ለማለትም አንችልም። በ2008 ዓ.ም. በመላው ኢትዮጵያ በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት፥ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆኑት ሰዎች መካከል ቫይረሱ በደማቸው የተገኘባቸው በአገር ደረጃ ከመቶ 0.9 ሲሆኑ፥ በጋምቤላ ክልል ግን ከመቶ 4.8 ነበሩ። ይህም ከክልሎች ሁሉ ከፍተኛው ነበር። በሽታው በአካባቢያችን አለ፤ የሚያሳዝነው ግን ፍርሃቱ በሌላ ስፍራ መዋሉ ነው። አንዳንዱ ትንኝ ትፈራለች ወይስ ወባዋ ቢባል ቫይረሱን ያስቀድማል። ሌላው ከታመመ ዘመዱ ጋር በአንድ ገበታ መቅረብ ይተዋል። ሦስተኛው ልጁ ሲያተኩሰው ጣቱን ለወባ ምርመራ የምትወጋውን ትንሽ መርፌ ፈርቶ ከጤና ጣቢያ ያስቀረዋል። ይህ የመጨረሻው ፍርሃት ሕይወት ሊያጠፋ ይችላል፤ ብርቱው የወባ ዓይነት ሕፃንን በአንድ በሁለት ቀን ውስጥ ሊያጣድፈው ይችላልና።

ነገሩን ለመረዳት አስቀድሞ የቫይረሱን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። ኤች አይ ቪ እ.ኤ.አ. በ1983 ፓሪስ በሚገኘው የፓስተር ተቋም ተለይቶ የታወቀ ቫይረስ ነው። እንደ ሌሎች ቫይረሶች ሁሉ በራሱ ሊራባ አይችልም፤ በሰው ደም ውስጥ ካሉት ነጭ ሕዋሳት ወደ አንዳንዶቹ ገብቶ በእነርሱ መሣሪያነት ይባዛል። ሌላውን ሰው ለመያዝ በሚበቃ መጠን የሚገኘውም በደም፥ በወንድ ዘር፥ በሴት ብልትና በፊንጢጣ ፈሳሽ፥ በእናት ጡት ወተት ነው። በምራቅ፥ በላብ፥ በእንባና በሽንት፥ ደም ካልተቀላቀለበት በቀር፥ አይተላለፍም። እነዚያም ፈሳሾች ቢሆኑ መግቢያ ይሻሉ፤ ይኸውም ስስ የሆነው የብልትና የፊንጢጣ ገላ፥ ትኩስ ቁስል ወይም በመርፌ የተወጋ የደም ሥር ነው። ያልቆሰለ ቆዳ ቫይረሱን አያስገባም። ቫይረሱ ከሰውነት ውጭ ወጥቶ በአየር ሲደርቅ ደግሞ በጥቂት ሰዓት ውስጥ አብዛኛው ኃይሉን ያጣል። ስለዚህ ስለ ማንኛውም ነገር ጥርጣሬ ሲነሣ ሦስት ጥያቄ ማቅረብ ይበቃል፤ የትኛው ፈሳሽ ነው? ትኩስ ነውን? በየትኛው መግቢያ ገባ?

አሁን ወደ ትንኟ እንመለስ። የወባ ትንኝ በሽታን የምታስተላልፍ መሆኗን ሕዝባችን ከሐኪም ሳይቀር በኑሮው ያውቀዋልና፥ «ወባን ካስተላለፈች ኤች አይ ቪን ለምን አታስተላልፍም?» የሚለው ጥያቄ የሰነፍ ጥያቄ አይደለም። መልሱ እንዲህ ነው። የወባ ተውሳክ በትንኟ ሆድ ውስጥ ይራባል፤ ከአሥር ቀን ያህል በኋላም ወደ ምራቋ ዕጢ ተጉዞ ይደርሳል፤ ስትነክስም ከምራቋ ጋር ወደ ሰው ይገባል። ኤች አይ ቪ ግን የሚራባበትን የሰው ሕዋስ በትንኟ ሰውነት ውስጥ አያገኝም፤ ከጠጣችው ደም ጋር አብሮ ተፈጭቶ ይቀራል። ደግሞም ደም የምትመጥበት ቀዳዳና ምራቅ የምትተፋበት ቀዳዳ የተለያዩ ናቸው፤ ከአንዱ የጠጣችውን ደም በሌላው ላይ አትረጭም።

ይህም በሰዎች ላይ ተመርምሮ ታይቷል። በአሜሪካ አገር በፍሎሪዳ ክፍለ ግዛት ቤል ግሌድ የምትባል ረግረጋማና ትንኝ የበዛባት ትንሽ ከተማ አለች። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በከተማይቱ የኤድስ ሕመምተኛ ከነዋሪው ቁጥር ጋር ሲመዛዘን እጅግ በዝቶ ስለ ተገኘ፥ «ትንኝ ነው ያመጣው» የሚል ወሬ ተነሣ። ባለሙያዎች ገብተው የነዋሪዎቹን ደም መረመሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1988 በታተመው ውጤትም ከ2 እስከ 10 ዓመት ከሆናቸው ሕፃናትና ከ60 ዓመት በላይ ከሆኑት ሽማግሌዎች መካከል አንድም የተያዘ አልተገኘም። ትንኝ ግን ሕፃንና ሽማግሌ አትለይም። በጋምቤላም ቢሆን ወባ ሕፃናትን በብዛት እንደሚጥል የታወቀ ነው፤ ኤች አይ ቪ በትንኝ የሚሄድ ቢሆን ኖሮ በተመሳሳይ ዕድሜ ያሉትን ሕፃናት ሁሉ ባዳረሰ ነበር። በአልጋ አጎበር ውስጥ እንተኛ የምንለው ስለ ወባ ነው።

ስለ ዕቃና ስለ ገበታም ቢሆን እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 በኒው ዮርክ ከተማ ከ39 የኤድስ ሕመምተኞች ጋር በአንድ ቤት ሲኖሩ የነበሩ 101 ሰዎች ተመርምረው ነበር። እነዚህ ሰዎች በአንድ ዕቃ ሲበሉ፥ በአንድ ፎጣ ሲያብሱ፥ በአንድ መጸዳጃ ሲገለገሉ የቆዩ ናቸው፤ ከእነርሱም ቫይረሱ የተገኘበት አንድ ሕፃን ብቻ ሲሆን፥ እርሱም ከእናቱ ሲወለድ ሳይወርሰው እንዳልቀረ ተገምቷል። ስለዚህ ጉርሻ፥ መጨባበጥ፥ ማቀፍና መሳም፥ አንድ ብርጭቆ፥ አንድ መጸዳጃ ቤት ለኤች አይ ቪ መንገድ አይሆኑም።

ነገር ግን ይህን ስንል እጅ መታጠብን አቃለልን እንዳይባል! በ2006 እና በ2007 ዓ.ም. በኩሌና በተርኪዲ መጠለያዎች ሄፓታይተስ ኢ የተባለው ጉበትን የሚጎዳና ዓይንን የሚያበጭ በሽታ ተነሥቶ ነበር። ይህ በሽታ በዓይነ ምድር በተበከለ ውሃና ምግብ የሚተላለፍ ሲሆን፥ በእርጉዝ ሴቶች ላይ እጅግ ይከፋል። እንግዲህ ዕቃና እጅ ሳይታጠብ ሲቀር የሚያልፍ በሽታ አለ፤ ስሙ ግን ኤች አይ ቪ አይደለም። በሳል ከሕመምተኛ ወደ ጤነኛ የሚያልፈውም እንዲሁ ሌላ ነው፤ እርሱም የሳንባ ነቀርሳ ነው።

በሕክምና ስፍራ ስለሚያድረው ፍርሃት ሰፋ አድርገን መናገር ይገባናል፤ በዚህ ላይ ሕዝቡን «ምንም የለም» ብለን ብናሰናብተው እውነት አይሆንምና። እ.ኤ.አ. በ2014 በካምቦዲያ አገር ሮካ በተባለ መንደር ከ200 በላይ ሰዎች በቫይረሱ ተይዘው ተገኙ፤ ምንጩም ፈቃድ የሌለው ሰው ለብዙ ሰው ደጋግሞ የሚጠቀምበት መርፌ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ በፓኪስታን አገር በራቶዴሮ ወረዳ በመቶዎች የሚቆጠሩ፥ አብዛኞቹ ሕፃናት የሆኑ ሰዎች በተመሳሳይ ምክንያት ተያዙ። በመርፌ ቱቦ ውስጥ የቀረ ደም እንደ ውጭው ደም ቶሎ አይደርቅም፤ ቫይረሱም በውስጡ ለቀናት፥ አየሩ ሲስማማው ለሳምንታትም በሕይወት ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ሁለተኛ ሰው የሚወጋበት መርፌ በእውነት የተከፈተ በር ነው።

የሚያስገርመን ግን ይህ ነው። ልጁን ለአንዲት የጣት ጠብታ ጤና ጣቢያ ለመውሰድ የሚፈራው ሰው፥ እርሱ ራሱ ሲያመው «ክኒን አይበቃኝም፤ መርፌ ውጉኝ» ብሎ በሰፈር ወዳለ ፈቃድ የሌለው ወጊ ይሄዳል። በጤና ጣቢያ ጣት የሚወጋበት መርፌ ታሽጎ መጥቶ ለአንድ ሰው ብቻ ያገለግልና ይጣላል። ለክትባት የሚያገለግለው መርፌም አንድ ጊዜ ከወጋ በኋላ ራሱን የሚቆልፍ ነው፤ የዓለም የጤና ድርጅትና የሕፃናት መርጃው ድርጅት ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ1999 ለክትባት ሁሉ ይኸው ዓይነት እንዲሆን አሳስበዋል። በሰፈር ወጊው ኪስ ውስጥ ያለው መርፌ ግን ማንን ሲወጋ እንደ ዋለ ማን ያውቃል? በማንኛውም ስፍራ ቢሆን ሕመምተኛው መርፌው ከማሸጊያው ሲወጣ ዓይቶ ለመወጋት መብት አለው። «አዲሱን ሲከፍቱት ልየው» ብሎ በአክብሮት መጠየቅ ነውር አይደለም፤ መልካም ባለሙያም በዚህ አይቀየምም።

ከመርፌ ቀጥሎ ምላጭ ይመጣል። በኑዌር ልማድ ወንድ ልጅ ለአካለ መጠን ሲደርስ በግንባሩ ላይ ስድስት መስመር የሚሠመርበት ሥርዓት አለ፤ በሌላም የአገራችን ክፍል እንጥል ማስቆረጥ፥ ግርዛትና ብጣት ይደረጋሉ። የሴት ልጅ ግርዛትና እንጥል መቁረጥ በማናቸውም ምላጭ ቢሆን ጎጂ ናቸው። በግንባር ምልክቱ ረገድ ግን እኛ እዚህ ስለ ባህሉ ክብር ልንፈርድ አልተነሣንም፤ የምንለው አንድ ምላጭ በደም ርሶ ወዲያው በተራ ወደ ቆመው ወደ ሁለተኛው ልጅ እንዳይሻገር ነው። በጠጉር ቤት የሚሠራበት ቶንዶስ ከዚህ ይለያል፤ ሥራው ጠጉር መቁረጥ እንጂ ገላ መቅደድ ስላልሆነ ለኤች አይ ቪ የሚያሰጋ አይደለም፤ ይሁን እንጂ ጭርት ያስተላልፋልና በአልኮል ይጠረግ። ለጢም የሚሆነው ምላጭ ግን ለየሰው አዲስ መሆን አለበት።

የሐኪም ቤት ሠራተኞችም ቢሆኑ በፍርሃት ሲሳሳቱ ይታያሉ። ቫይረሱ ያለበትን ሰው ብቻ ለይቶ ሁለት ጓንት ማጥለቅ፥ ወይም ከሰልፍ መጨረሻ ማቆም፥ ሕመምተኛውን ከማዋረዱ ሌላ ሠራተኛውን አያድነውም፤ ያልተመረመረው ሕመምተኛ ከፊቱ አልፏልና። ጥንቃቄ ለሁሉም አንድ ዓይነት መሆን አለበት። ቫይረሱ ያለበት ደም የነካው መርፌ በድንገት ከወጋቸው 1000 ሠራተኞች መካከል የሚያዙት 3 ያህል ናቸው። ሄፓታይተስ ቢ ግን ካልተከተቡት 1000 ሰዎች ከ60 እስከ 300 የሚሆኑትን ሊይዝ ይችላል፤ ክትባቱ እያለ የማይከተብ ሠራተኛ መኖሩ ያሳዝነናል።

በአብዛኛው ሰው ዘንድ ቫይረሱ የሚያልፍበት ዋናው መንገድ ያለ ኮንዶም የሚደረግ የግብረ ሥጋ ግንኙነት መሆኑ የታወቀ ነው። እናትም ካልታከመች በእርግዝና፥ በወሊድና በጡት ማጥባት ከ100 ሕፃናት ከ15 እስከ 45 ለሚሆኑት ልታስተላልፍ ትችላለች፤ በሕክምና ግን ከ5 በታች ይወርዳል። ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በአገራችን ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነፃ ሲሰጥ ቆይቷል። መድኃኒቱን በትክክል ወስዶ የቫይረሱ መጠን በምርመራ እስከማይታይ የወረደለት ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት እንኳ አያስተላልፍም። በግብረ ሥጋ የማያስተላልፈውን ሰው በገበታ መሸሽ ምን ይባላል?

አንድ ሌላ ዓይነት ፈሪ አለ፤ እርሱ እንኳ የሚታዘንለት ነው። ተመርምሮ ነፃ ሆኖ ሳለ በሳምንቱ ደግሞ ይመረመራል፤ ላብ ሲያልበው፥ ራሱን ሲያመው «ይኸው ጀመረኝ» ይላል። ላብና የልብ ምት ከፍርሃቱ ራሱ ይመጣሉ። ከተጠረጠረው ቀን 3 ወር አልፎ፥ በመካከሉ ሌላ ተጋላጭነት ሳይኖር የተገኘ ነፃ ውጤት ሊታመን ይገባል። ከዚያ በኋላም እንቅልፍ የሚነሣው ከሆነ፥ የሚያስፈልገው ሌላ የደም ምርመራ ሳይሆን ጭንቀቱን ለሐኪም ማጫወት ነው።

እውነተኛ አደጋ ሲደርስ ግን፥ ይኸውም የሌላ ሰው ደም የነካው መርፌ ሲወጋ ወይም አንዲት ሴት ተገድዳ ስትደፈር፥ ነገን ሳይጠብቁ ወደ ጤና ተቋም መሮጥ ነው። የተወጋውን ስፍራ በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ማጠብ እንጂ መጭመቅ ወይም መምጠጥ አይገባም። መከላከያው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ፥ ቢቻል በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ተጀምሮ 28 ቀን ይወሰዳል።

ለመምህራን አንድ ነገር ጨምረን እንለያያለን። ተማሪዎች እርሳስ የሚቀርጹበት ምላጭ ከዴስክ ወደ ዴስክ ሲዞር ብዙ ጣት ይቆርጣል፤ የክፍሉ መቅረጫ አንድ ቢገዛ ይሻላል። ልጅ ነስር ሲነስረው ወይም በኳስ ሜዳ ሲደማ ደሙን በባዶ እጅ አትንኩ፤ ጓንት ከሌለ ንጹሕ ፌስታል በእጅ ላይ ማጥለቅ ይበቃል። ነስር የነሰረው ልጅ ወደ ፊት ጎንበስ ብሎ የአፍንጫውን ለስላሳ ክፍል ራሱ አሥር ደቂቃ ያህል ይያዝ። መሬት ላይ የፈሰሰውን በጨርቅ አንሥቶ፥ ስፍራውን በውሃ በተበረዘ በረኪና ማበስና እጅን በሳሙና መታጠብ ነው። ይህም የማን ልጅ እንደ ሆነ ሳይጠየቅ ለሁሉም እኩል ይደረግ፤ ልጁም ሲያቆምለት ወደ ቦታው፥ ከጓደኞቹ አጠገብ ይመለስ።