ከካራ በላይ ያለው አፈር

በክረምት፣ በአዲስ አበባ ሰሜን ምሥራቅ ጫፍ ካለችው ከካራ በላይ ጉም ለብሶ በሚውለው የእንጦጦ ሸንተረር ላይ የሚወርደው ዝናብ ለሁለት ይከፈላል። በሰሜን በኩል የፈሰሰው በሱሉልታ ሜዳና በሙገር አድርጎ ዓባይ ውስጥ ይገባል። በደቡብ የወረደው ደግሞ በቀበናና በሌሎች ወንዞች አቃቂን፣ ከዚያም አዋሽን ይቀላቀልና ባሕር ሳያይ አፋር ላይ ይቀራል። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ስላለው ስለዚህ ጋራ ክርክሩ መቶ ዓመት አልፎታል፤ የሚነሣው ግን የዛፉ ነገር ብቻ ነው። የአፈሩን ጉዳይ የሚያነሣ እምብዛም የለም።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ጥዱና ወይራው ለቤትና ለማገዶ ተጨፈጨፈ። እንጨት ከመጥፋቱ የተነሣ ዳግማዊ ምኒልክ መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ነበር። ከተማዋን ያቆያት በ1887 ዓ.ም. ገደማ የገባው፣ ሲቆረጥ ከጉቶው የሚያቆጠቁጠው ባሕር ዛፍ ነው። ይህን ውለታውን መካድ አይገባም።

«ምንጩን ያደረቀው እሱ ነው» መባሉም እውነት አለበት፤ ቶሎ የሚያድግ ዛፍ ብዙ ውሃ ይስባል። ከግንዱ ሥር ጎንበስ ብሎ ላየ ግን ሌላ ነገር ይታያል። የወደቀው ቅጠል ለእንጀራ መጋገሪያ ተጠርጎ ሄዷል፤ ሣሩም ሳስቷል። የሐምሌ ዝናብ ራቁቱን በቀረው መሬት ላይ ሲወርድ ሳይሰርግ ይንደረደራል፤ አፈሩን ጠርጎ ወደ ከተማው ጎርፍ ሆኖ ይገባል። ውሃው ስላልሰረገም በበጋ ታች ያለው ሰው ጀሪካን ይዞ ይሰለፋል። ጥፋቱን ቅጠልና እንጨት ተሸክመው ቁልቁል በሚወርዱት እናቶች ላይ መጣል ግፍ ነው። ሌላ ማገዶና ሌላ ገቢ ሳይሰጧቸው «ክልክል ነው» ማለት ልጆቻቸውን ጦም ማሳደር ነው።

በካራ በኩል የሚወጣው የደሴ መንገድ ወደ መንዝ ያደርሳል። በዚያ ያለው የመንዝ ጓሳ የተባለው ደጋ ዛፍ የለውም ለማለት ይቻላል፤ የሞላው ጓሳ ሣር፣ አስታና ጅብራ ነው። ግን ጅረት ይፈልቅበታል። የአካባቢው ሰው ለዘመናት «ቄሮ» በሚባል ሥርዓት ሣሩ እስኪያገግም ለዓመታት እየዘጋ ጠብቆታል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱን ቢያናጋውም ሕዝቡ ጥበቃውን በሌላ መልክ መልሶ አቋቁሞታል። እንደ ጓሳው ዛፍ በሌለው፣ በሰሜን ዋልታ ዙሪያ ባለው ቱንድራ ውሃውን ከላይ የሚያቆየው ከሥር ለዘመናት ሳይቀልጥ የቆየው የበረዶ አፈር ነው፤ እሱም አሁን በሙቀት እየሟሸሸ ነው። የእኛ ደጋ ግን እንዲህ ያለ በረዶ የለውም፤ ውሃውን የሚይዝለት ሣሩና ሥሩ የያዘው አፈር ነው።

እንጦጦ ላይም የተሠራ ሥራ አለ። የኢትዮጵያ ቅርስ ባለአደራ ማኅበር ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሀገር በቀል ዛፎችን ሲመልስ ቆይቷል። መስከረም 30 ቀን 2013 ዓ.ም. ደግሞ የእንጦጦ ፓርክ ተመረቀ። በየክረምቱ የሚነገረን ግን የተተከለው ችግኝ ቁጥር ነው። ከካራ እስከ የካ ጀርባ ያለው ዳገት እንደ ጓሳው በየተራ ተከልሎ ሣሩ ያገግም፤ ለቅጠል ጠራጊዎቹም አስቀድሞ ሌላ ሥራ ይዘጋጅላቸው። በሚያዝያ የትኛው ምንጭ እንደሚፈስ፣ የትኛው ደግሞ እንደነጠፈ ከችግኙ ቁጥር ጎን በየዓመቱ ይነገረን።