ስሙን የማያውቀው ልጅና ዘጠኙ መጻሕፍቱ

አንድ ሽማግሌ የስድስት ዓመት ልጅ እጅ ይዞ ከጦር ሰፈር በር ይደርሳል። ልጁ የአልጋ ወራሹ ዲቃላ መሆኑን፣ እስከዚያ ቀን ያበላው እሱ እንደሆነ፣ ከእንግዲህ ግን አባቱ እንዲያሳድገው ለዘበኛው ተናግሮ ጥሎት ይሄዳል። ልጁ ስሙን እንኳ አያስታውስም። በዚያች ሌሊት የፈረሶቹ ባልደራስ ቡሪች ወደ ጋጣ ወስዶ ከውሾች መካከል ያስተኛዋል።

የአሜሪካዊቷ ደራሲ የሮቢን ሆብ ልብ ወለድ «የነፍሰ ገዳዩ ለማጅ» ታሪኩን የሚያነሣው ከዚህ ነው። መጽሐፉ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው። በ1996 እና በ1997 ሁለት ተከታዮች ወጡ፤ ሦስተኛው ብቻውን በብዙ ኅትመቶች ከ700 ገጽ ያልፋል። ደራሲዋ በዚህም አላቆመችም። እስከ 2017 ድረስ በዚያው ዓለም ላይ 16 ልብ ወለዶች ጻፈች፤ ዘጠኙ የዚህ ልጅ ናቸው። ቤተ መንግሥት አለ፣ ከባሕር የሚመጣ ወራሪ አለ፣ አስማት አለ፣ ዘንዶም አለ። ያ ሁሉ ገጽ የሚያልቀው ግን አንድን ሰው ከሕፃንነቱ እስከ ሽምግልናው በደንብ ለማወቅ ነው። ይህን ሥራ ካነበብኳቸው ፋንታሲዎች ሁሉ የማስበልጠው ስለዚህ ነው።

በዚያ አገር ንጉሣውያን ለልጆቻቸው የሚያወጡት ስም የመልካም ጠባይ ስም ነው፤ ስሙ ከልጁ ጋር አብሮ እንዲያድግ ይመኛሉ። አባቱ ሺቫልሪ፣ ማለትም ጨዋነት፤ አጎቱ ቬሪቲ፣ እውነት፤ አያቱ ንጉሡ ሽሩድ፣ ብልኁ። ልጁ ግን ፊትዝ ይባላል። ይህ በእንግሊዞች የጥንት ስም አጠራር «የእገሌ ልጅ» ማለት ነው፤ ለዲቃላም ይሰጥ ነበር። ስም ሲያወጣ ምኞቱን ለሚናገር ሕዝብ፣ እንዲህ መጠራት ምን እንደሚያጎድል ማስረዳት አያስፈልግም።

አንድ ትዕይንት ላንሣ። ግብር ከተበላ በኋላ ልጁ ከውሻው ጋር በአዳራሹ ትርፍራፊ ሲቃመስ ንጉሥ ሽሩድ ይደርሱበታል። አብሯቸው ያለው ትንሹ ልጃቸው ይጸየፈዋል። ንጉሡ ግን፣ እኛ የጣልነውን ሌላ ሰው አንሥቶ በእኛው ላይ ሊጠቀምበት እንደሚችል ለልጃቸው ያስረዳሉ። ከዚያ ከሕፃኑ ጋር ልክ እንደ ትልቅ ሰው ይዋዋላሉ፤ ምግብ፣ ልብስና ትምህርት ከእሳቸው፣ ታማኝነት ከእሱ። ቀይ ድንጋይ ያለባት ትንሽ የብር ስፒልም ሸሚዙ ላይ ይሰኩለታል። ልጁን የገዙት ነፍሰ ገዳይ ሊያደርጉት ነው። ብዙም ሳይቆይ ፊቱ በጠባሳ የተበሳሳ ቼድ የሚባል ሽማግሌ በድብቅ ደረጃ እያስመጣ፣ ሌሊት ሌሊት የመርዝ ቅመማና የስለላ ትምህርት ይሰጠዋል። ስፒሏ ግን ለልጁ ሌላ ነገር ናት። በዓለም ላይ የሰው መሆኑን የሚያሳይ ምልክት ከእሷ በቀር የለውም።

ፊትዝ ከእንስሳት ጋር ልብ ለልብ የመግባባት ተሰጥኦ አለው፤ በዚያ አገር ይህ እንደ ርኩሰት ይቆጠራል። ቡሪች ልጁ ከአንድ ቡችላ ጋር እንዲህ መጣመሩን ያወቀ ዕለት ቡችላውን ወስዶ ይሰውርበታል። ልጁ ቡሪች ቡችላውን እንደገደለው ያምናል። አይጠይቅም፤ ቡሪችም አይነግረውም። ከዚያ በኋላ ባልደራሱ ያሳድገዋል፣ ሥራ ያስተምረዋል፣ ይቆጣጠረዋል፤ ልጁ ግን የሚያየው በፍርሃት ነው። እውነቱ የሚገለጠው ከብዙ ምዕራፍ በኋላ ነው፤ ምን እንደሆነ እዚህ አልናገርም። ያን ዝምታ ከልጁ ጋር ተሸክመን ስለቆየን፣ ሲሰበር እኛም እንደነግጣለን። የመጽሐፉ ርዝመት የሚሠራው ሥራ ይህ ነው።

የጠላትም ክፋት ከዚሁ፣ ሰውን ከሰው ከሚያስተሳስረው ነገር ጋር የተያያዘ ነው። በቀይ መርከብ የሚመጡት ወራሪዎች ማርከው የወሰዱትን ሰው መልሰው ይለቁታል። መልኩ ያው ነው፣ ስሙንም ያውቃል፤ ርኅራኄው፣ ኀፍረቱና ዝምድናው ግን ከውስጡ ተሟጦ ወጥቷል። አባት ልጁን አይቶ ምንም አይሰማውም። በፋንታሲ ውስጥ ከዚህ የከፋ ጭራቅ አላየሁም።

ሥራው እንከን የለውም አልልም። በሦስተኛው መጽሐፍ ያለው ጉዞ ያለ ልክ ይረዝማል፤ ፊትዝም ደጋግሞ እየተሳሳተ ያበሳጫል። ሐዘኑም ብዙ ነው። ሆኖም ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርክ በዛብህን ከልጅነቱ ጀምሮ የተከተለ ሰው፣ እንዲህ ያለውን ትዕግሥት ያውቀዋል።

ለመጀመር ያሰበ ሰው ከመጀመሪያው መጽሐፍ ይጀምር እንጂ ከመሐል አይግባ። በየምዕራፉ ራስጌ ያሉትን አጫጭር የታሪክ ማስታወሻዎች አይዝለል፤ ኋላ የሚፈቱ ቋጠሮዎች እዚያ አሉ። በቀን አንድ ምዕራፍ ይበቃል። በ1995 የጀመሩ አንባቢዎች የፊትዝን መጨረሻ ለማየት 22 ዓመት ጠብቀዋል። ዛሬ ለሚጀምር ግን ዘጠኙም ታትመው አልቀዋል።