ጎማው የመንገድ ጠርዝ ከመታ በኋላ፤ የተሰወረው ጉዳት እንዴት ይታወቃል?

ባሕር ዳር፣ ጎንደርና ደሴን በመሳሰሉ ከተሞች በኮሪደር ልማት የተሠሩ መንገዶች ዳርቻቸው በጠርዝ ድንጋይ ታጥሯል። ድንጋዩ እግረኛውን ከተሽከርካሪ ይለያል፤ የዝናቡንም ውኃ ወደ ማፋሰሻው ይመራል። ሆኖም በሌሊት፣ በመታጠፊያ ላይ ወይም ከፊት ለሚመጣ መኪና ቦታ ለመልቀቅ ሲባል ጎማ ሲያርፍበት ፈቀቅ አይልም። የቀድሞው የአፈር ዳርቻ ጎማውን ተቀብሎ ያሳልፈው ነበር፤ ድንጋዩ ግን የምቱን ኃይል ወደ መኪናው ይመልሰዋል።

ከምቱ በኋላ አሽከርካሪው ወርዶ ጎማውን ያያል፤ አልተነፈሰም። ቸርኬው የተጫረ ብቻ ይመስላል። ሞተሩ ይነሳል፤ መኪናውም ይሄዳል። ብዙዎች ጉዳዩን እዚህ ላይ ይዘጉታል። መኪናው መሄዱ ግን ጤነኛ መሆኑን አያረጋግጥም፤ ዓመታዊ ምርመራውን አልፎ ቦሎ የለጠፈ መሆኑም ትናንት ለደረሰበት ምት ዋስትና አይሆንም።

ኃይሉ ከጎማው ወደ ቸርኬው፣ ከቸርኬው ወደ ኩሽኔታው፣ ከዚያም ጎማውን ወደሚያዞረው የመሪ ዘንግና ጎማውን ከመኪናው አካል ጋር ወደሚያያይዘው የታችኛው ክንድ ይተላለፋል። ከእነዚህ መካከል ቀጭኑ የመሪ ዘንጉ ነው፤ ጎማው በሰያፍ ሲመታ አስቀድሞ የሚጎብጠውም ብዙ ጊዜ እርሱ ነው። ጥቂት ሚሊ ሜትር ቢጎብጥ ዓይን ላያየው ይችላል፤ መሪው ግን ያሳብቅበታል። ከምቱ በፊት ቀጥ ይል የነበረ መሪ፣ መኪናው በቀጥታ እየሄደ ሳለ ወደ አንድ ወገን ዘንበል ብሎ ከተገኘ፣ ከጎማው እስከ መሪው ባለው ሰንሰለት ውስጥ አንድ ነገር ቦታውን ለቋል።

ፍተሻው ከጎማው ጎን ቢጀምር ይመረጣል። በጎኑ ላይ እንደ እንቁላል ያበጠ ነገር ከታየ ውስጡ ያለው ክር ተበጥሷል፤ ይህን ጎሚስታም አያድነውም፤ ጎማው ይቀየራል። እብጠቱ በዕለቱ ላይወጣ ስለሚችል ከጥቂት ቀናት በኋላ ደግሞ ማየት ይገባል። ወደ መኪናው ሆድ የዞረው የጎማና የቸርኬ ገጽም አይዘንጋ፤ አብዛኛው ሰው የሚያየው የውጩን ብቻ ነው። ከዚያም መኪናው ደልዳላ ቦታ ላይ ቆሞ፣ መሪው ቀጥ ተደርጎ፣ በፊት ጎማዎቹና በፓራፋንጎው መካከል ያለው ክፍተት በግራና በቀኝ ይነጻጸር። አንደኛው ጎማ ወደ ኋላ ተገፍቶ ከተገኘ የታችኛው ክንድ ወይም ክንዱ የታሰረበት ቦታ ሳይጣመም አልቀረም።

ቀጥሎ መኪናውን ሰው በማይበዛበት መንገድ በዝግታ መንዳት ነው። ወደ አንድ ወገን የሚጎትት መኪና ሁሉ ግን ተጎድቷል ማለት አይደለም። መንገዶች ውኃ እንዲያፋስሱ መሐላቸው ከፍ ተደርጎ ስለሚሠሩ መኪና በራሱ ወደ ዳር ጥቂት ያዘነብላል። የጎማ ነፋስ ማነስም ይጎትታል፤ ስለዚህ ከሁሉ በፊት ነፋሱ ይለካ። ጉተታው ካልጠፋ የግራና የቀኝ የፊት ጎማዎችን ማቀያየር ይቻላል፤ በአንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲሽከረከሩ የተሠሩት ግን አይቀያየሩም። ጉተታው ወደ ሌላው ወገን ከዞረ ችግሩ የጎማው ነው፤ ባለበት ከጸና ወደ ብረቱ መሄድ ይገባል። ፍሬን ሲያዝ ብቻ የሚጎትት ከሆነ አስቀድሞ የሚጠረጠረው ፍሬኑ ነው።

ድምፅም ይመረመራል። ፍጥነት ሲጨምር እየጎላ የሚሄድና መኪናው ሲታጠፍ የሚለወጥ ጉርምርምታ በአብዛኛው የኩሽኔታ ነው። ጉድጓድ ሲታለፍ የሚሰማ ደረቅ ምት ከአሞርዛተሩ ራስ ወይም ከክንዱ መገጣጠሚያ ሊመጣ ይችላል። በፍጥነት ጊዜ መሪው የሚንቀጠቀጥ ከሆነ የተጣመመ ቸርኬ ይጠረጠራል።

ሦስተኛው ፍተሻ ክሪክና ሁለት ሰው ይጠይቃል። መኪናው ተነሥቶ በአስተማማኝ መደገፊያ መደገፍ አለበት፤ በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር መግባት ሕይወት ያስከፍላል። ጎማውን በግራና በቀኝ ይዞ መነቅነቅ የመሪውን መገጣጠሚያዎች፣ ከላይና ከታች ይዞ መነቅነቅ ደግሞ ኩሽኔታውንና የክንዱን መገጣጠሚያ ይፈትናል። ከላይና ከታች ሲነቀነቅ ልቅነት ከተገኘ ሁለተኛው ሰው ፍሬን ረግጦ ይያዝ፤ ልቅነቱ ከጠፋ ጥፋቱ የኩሽኔታው ነው፤ ካልጠፋ መገጣጠሚያው ይፈተሽ።

አላይመንት የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። በተግባር ግን ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል። መኪናው በቀጥታ ወደ አላይመንት ይወሰዳል፤ ሠራተኛው የመሪ ዘንጉን ርዝመት አስተካክሎ መሪውን ቀጥ ያደርገዋል፤ ባለንብረቱም ተደስቶ ይሄዳል። የጎበጠው ዘንግ ግን እንደ ጎበጠ ነው፤ የጠፋው ምልክቱ ብቻ ነው። እንደ ቶዮታ ቪትዝና ኮሮላ ባሉ መኪኖች የፊት ጎማው ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ የማዘንበሉ ልክ በተለመደው የአላይመንት ሥራ አይለወጥም። በመሆኑም በመሣሪያው ላይ የአንዱ ጎማ ዝንባሌ ከሌላው ጎልቶ ከተለየ የታጠፈ ብረት መፈለግ ይገባል። ከሥራው በፊትና በኋላ የተወሰዱት ልኬቶች ታትመው እንዲሰጡ መጠየቅ ባለንብረቱን ከብዙ ክርክር ያድናል።

ከፎገራ ሩዝ ጭኖ ወደ ባሕር ዳርና ጎንደር የሚመላለሰው አይሱዙ አሠራሩ የተለየ ነው። የኤን ፒ አር የፊት ጎማዎች በአንድ ጠንካራ አክስል ላይ የተተከሉ ናቸው፤ አክስሉም የታሰረው ከባሌስትራ ጋር ነው። የገጠሩን መንገድ ሲያቋርጥ የድልድይ ጠርዝ ወይም የቦይ ድንጋይ የመታ እንደሆነ የባሌስትራው የመሐል ብሎን ሊቆረጥ፣ አክስሉም በአንድ ወገን ወደ ኋላ ሊንሸራተት ይችላል። ይህን ለማወቅ ገመድ ይበቃል። መሪው ቀጥ ብሎ፣ ከፊተኛው ጎማ መሐል እስከ ኋለኛው ጎማ መሐል ያለው ርቀት በሁለቱም ወገን ይለካ። ልኬቶቹ ጎልተው ከተለያዩ ገበያው ምንም ያህል ቢያስቸኩል መኪናው ጭነት መሸከም የለበትም።

የጎበጠን የመሪ ዘንግ በእሳት አሙቆ በመዶሻ ማቅናት ርካሽ ነው፤ አደገኛም ነው። ብረቱ በፋብሪካ የተሰጠውን ጥንካሬ በሙቀቱ ሊያጣ ይችላል፤ ሳይሞቅ ቢቃናም በታጠፈበት ቦታ የማይታይ ስንጥቅ ሊተው ይችላል። መዶሻ ለፓራፋንጎ ይሁን፤ የመሪ ዘንግ፣ መገጣጠሚያና የታችኛው ክንድ ግን በሌላ ይተካሉ።

ከምቱ በኋላ መሪው የከበደ ወይም የላላ፣ ጎማው በግልጽ የዘመመ ወይም የፍሬን ዘይት የሚያፈስ መኪና በራሱ ጎማ ወደ ጋራዥ አይሂድ፤ ተጭኖ ይወሰድ። የክንዱ መገጣጠሚያ ተላቆ ከወጣ ጎማው ወደ ጎን ይታጠፋል፤ በዓባይ በረሃ ቁልቁለት ላይ ይህ ቢደርስ አሽከርካሪው በመሪ የሚያደርገው ነገር አይኖርም። ዕቃው ተቀይሮ አላይመንት ከተሠራም በኋላ የጎማው አበላል ለጥቂት ሳምንታት ይታይ። በአንድ ጠርዙ ብቻ የሚበላ ከሆነ ያልተገኘ ጉዳት ሊኖር ስለሚችል መኪናው ወደ ፍተሻው ይመለሳል።